ትንፋሽ ሲያጥር፤ ስለ ሳልቡታሞል አወሳሰድ

አንድ ቀን ማታ፣ ትምህርት ካለቀ በኋላ፣ አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የያዙትን ፈተው አንዲት ትንሽ መድኃኒት ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። በአፍ የምትሳበው፣ ብዙ ሰው ፓፍ የሚላት፣ የአስም መድኃኒት ናት።

«ልጄ፣ አሁን እንግዲህ ቁጥር አነባለሁ። ይኸው 2025 ይላል። ገና ብዙ ዓመት አላት ማለት አይደል?» አሉኝ።

ቁጥሩን አልሳቱም። የሳቱት የዘመን አቆጣጠሩን ነው። መድኃኒት ላይ የሚጻፈው ዓመተ ምሕረት የፈረንጆች ነው። ብልቃጧ ላይ «03 2025» የሚል ነበር፤ ይህም በእኛ መጋቢት 2017 ማለት ነው። መድኃኒቷ ጊዜዋ አልፏል። እኚህ እናት ደግሞ ትንፋሻቸው ሲያጥር የሚተማመኑት በእሷ ብቻ ነበር። ማንበብ መቻላቸው ደስ ብሎኝ ሳያበቃ ማንበቡ ብቻውን ሊጎዳቸው እንደነበር ሳስብ ደነገጥኩ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የፈረንጆቹ ወር ከ1 እስከ 8 ያለው ከሆነ ከዓመቱ ላይ 8 ይቀነሳል። ከ10 እስከ 12 ከሆነ 7 ይቀነሳል። 9ኛው ወር የእኛ አዲስ ዓመት የሚገባበት ስለሆነ እሱን ሲያዩ ባለሙያ ይጠይቁ። በብልቃጡ ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቀን ይጻፋል፤ አንዱ የተሠራበት፣ ሌላው የሚያበቃበት ነው። ከሁለቱ ዘግይቶ የሚመጣው የሚያበቃበት ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። አየር ወደ ሳንባችን የሚገባው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከፋፈሉ በሚቀጥኑ ቧንቧዎች ነው። አስም ያለበት ሰው ጭስ፣ የአውድማ አቧራ፣ ብርድ ወይም ጉንፋን ሲነካው ሦስት ነገር ይደርስበታል። በቧንቧዎቹ ዙሪያ ያለው ጡንቻ ይጨመደዳል፤ የውስጥ ግድግዳቸው ያብጣል፤ ወፍራም አክታም ይሞላባቸዋል። ደረት ሲር ሲር የሚለው አየሩ በዚያ ጠባብ ቀዳዳ ሲሽሎከለክ ነው።

ሳልቡታሞል ከእነዚህ ከሦስቱ የሚያቃናው አንዱን ብቻ ነው። የተጨመደደውን ጡንቻ ያላላል፤ ይህንንም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያደርጋል። መንገዱ ሲሰፋ አክታውም በሳል ለመውጣት ይቀለዋል። እብጠቱን ግን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1969 እንግሊዝ አገር ቬንቶሊን በሚል ስም ለሽያጭ ከቀረበ ወዲህ ብዙ ነፍስ አትርፏል፤ ቢሆንም በር ከፋች እንጂ እሳት አጥፊ አይደለም።

እብጠቱን የሚያበርደውና አክታው እንዳይበዛ የሚያደርገው ሌላ መድኃኒት ነው፤ አንዱ ቤክሎሜታዞን ይባላል። እሱም በአፍ ይሳባል። ወዲያው የሚሰማ ለውጥ ስለሌለው ሰው ይንቀዋል፤ «ይሄ ምን ይሠራል?» ብሎ ይተወዋል። በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ዓለም አቀፉ የአስም ሕክምና መመሪያ አዋቂዎችና ጎረምሶች ሳልቡታሞልን ብቻውን እየወሰዱ እንዳይኖሩ ይመክራል። ስለዚህ ሐኪም ሁለቱን ካዘዘላችሁ ሁለቱንም ውሰዱ። ቤክሎሜታዞን ከሳባችሁ በኋላ አፋችሁን በውሃ ተጉመጥምጣችሁ ትፉ፤ አለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ቁስል ያወጣል።

ስለ አሳሳቡ ብዙ የምለው አለኝ፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ ከልጅነቴ ጀምሮ አስም አለብኝ። ለስድስት ዓመት ያህል መድኃኒቱን ስነፋ የኖርኩት ምላሴ ላይ ነበር። በመጨረሻ አንዲት ነርስ «እስቲ ስትወስድ ልይህ» አለችኝ። ወሰድኩ። ሳቀችና «ነጩ ብናኝ እኮ በአፍህ ተመልሶ ወጣ፤ ሳንባህ ምን ደረሰው?» አለችኝ። ከዚያ በፊት ማንም አሳየኝ ያለኝ አልነበረም።

ያስተማረችኝ ይህን ነው። ክዳኑን ክፈት፤ ውስጡ ባዕድ ነገር እንደሌለ እይ። ብልቃጡን በደንብ ናጥ። ቀጥ ብለህ ተቀመጥ ወይም ቁም። መጀመሪያ አየርህን እስኪያልቅ አስወጣ። አፉን በጥርስህ መካከል አድርገህ በከንፈርህ ግጠም። በቀስታ መሳብ ስትጀምር ያኔውኑ አንድ ጊዜ ተጫን፤ መሳብህንም አታቋርጥ። ከዚያ ትንፋሽህን ይዘህ እስከ አሥር ቁጠር። ሁለተኛ ከታዘዘልህ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይተህ፣ እንደገና ንጠህ፣ ድገም። ሁለቱን አከታትሎ መጫን መድኃኒት ማባከን ነው።

መጫኑና መሳቡ አልገጥም ለሚላቸው፣ ለልጆችና ለሽማግሌዎች በተለይ፣ የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ይበቃል፤ እኛ ሃይላንድ የምንለው። በሳሙና አጥባችሁ ሳትወለውሉ እንዲደርቅ ተዉት። ታቹን የመድኃኒቱ አፍ ልክ አድርጋችሁ ብሱ፤ አስገቡና ዙሪያውን በፕላስተር ድፈኑ። በሽተኛው የፕላስቲኩን አፍ በከንፈሩ ይይዛል፤ አንድ ጊዜ ይጫናል፤ በቀስታ አራት አምስት ጊዜ ይተነፍስበታል። ተራ ነገር ይመስላል እንጂ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በሕፃናት ላይ ተሞክሮ በፋብሪካ ከተሠራው ጋር የሚመጣጠን ሆኖ ተገኝቷል።

ሳልቡታሞል በክኒንም አለ። «ክኒኑ ያው ነው፤ ደግሞም ይረክሳል» የሚሉ አሉ። እስቲ እናስላው። አንድ ንፍታ 100 ማይክሮግራም ነው። 1000 ማይክሮግራም 1 ሚሊግራም ይሆናል። ባለ 4 ሚሊግራም አንድ ክኒን እንግዲህ የ40 ንፍታ ያህል መድኃኒት አለው። የሚሳበው በትንሹ ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ ክኒኑ ግን በሆድ አልፎ በደም መላ አካልን ይዞራል፤ ዘግይቶም ይሠራል። እጅ የሚያንቀጠቅጠውና ልብ የሚያስመታው ለዚህ ነው። በሚሳበውም ቢሆን ጥቂት መንቀጥቀጥ ሊኖር ይችላል፤ ያልፋል። ልብ በኃይል እየመታ አልቆም ካለ ወይም ደረት ከወጋ ግን ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

የጎረቤት መድኃኒት መዋስም እዚህ መንደር የተለመደ ነው። በቡናው ላይ «እኔን አሽሎኛል፤ እስቲ አንቺም ሞክሪው» ይባላል። ሳል ሁሉ አስም አይደለም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ በተለይ ሌሊት ማላብ፣ መክሳት ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካለበት፣ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል አክታው መመርመር አለበት። ሳልቡታሞል ነቀርሳን አይነካውም፤ ጊዜ ብቻ ያባክናል፤ በሽታውም እስከዚያ ወደ ልጆች ይተላለፋል። ለልብ ወይም ለደም ግፊት የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል ደግሞ የአስም በሽተኛን መተንፈሻ ሊዘጋ ይችላል። አስፕሪንም በአንዳንዶቹ ላይ እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ መድኃኒት ሲታዘዝላችሁ «አስም አለብኝ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። አክታ ያቀጥናል የሚባለውንም ሽሮፕ በራሳችሁ ለሕፃን አትስጡ፤ ሕፃን የላላውን አክታ ስሎ ማውጣት አይችልም።

መድኃኒቱን ከእሳትና ከፀሐይ አርቁ፤ ባዶውንም እሳት ውስጥ አትጣሉ፣ ይፈነዳል። ማለቁን ለማወቅ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፉት አሉ፤ አይታመንም። ተጭነውት ስለነፋም አላለቀም ማለት አይደለም፤ መድኃኒቱ አልቆ የሚገፋው ጋዝ ብቻ ሊቀር ይችላል። የሚሻለው መቁጠር ነው። ብዙዎቹ 200 ንፍታ አላቸው። በቀን 4 የሚወስድ ሰው በ50 ቀን ይጨርሳል። ግን ልብ በሉ፦ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ሳልቡታሞል የሚያስፈልገው ሰው በሽታው አልተገታም ማለት ነው። በየወሩ አንድ ብልቃጥ የሚጨርስ ደግሞ ለሞት አደጋ የቀረበ ነውና ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ሰውየው አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ሲያቅተው፣ የጎድን አጥንቱ መሐል ሥጋው ወደ ውስጥ ሲሰረጎድ፣ ከንፈሩ ሲጠቁር፣ ወይም ሕፃኑ መጥባት ሲያቅተው ነው። ያኔ ዕጣን ማጨስና ጠበል ፍለጋ መሯሯጥ ጊዜ ይገድላል። ከጭስ አውጡት፤ አታስተኙት፣ አስቀምጡት። በፕላስቲኩ አራት ንፍታ አንድ በአንድ ስጡት፤ ወዲያውም ጉዞ ወደ ጤና ጣቢያ ጀምሩ። በመንገድም ካልተሻለው በየሃያው ደቂቃ ድገሙለት። «ትንሽ ተሽሎታል» ብላችሁ ከመንገድ አትመለሱ።

እኚያ እናት ጤና ጣቢያ ሄደው አዲስ መድኃኒትና ቤክሎሜታዞን ታዞላቸዋል። አሁን በሳቡ ቁጥር ግድግዳ ላይ በለጠፉት ወረቀት መስመር ያሰምራሉ። ባለፈው ሳምንት ሲያሳዩኝ ሠላሳ አንድ መስመር ነበር። ስድስቱ በአንድ ቀን የተሰመሩ ናቸው። «ይሄ ምንድነው እማማ?» ብላቸው «የጤፉ ውቂያ ቀን ነዋ» አሉኝ።

መልመጃ፦ ብልቃጥ ላይ «11 2026» ተጽፏል፤ በእኛ አቆጣጠር ስንት ዓመተ ምሕረት ነው? የእኚህ እናት ብልቃጥ 200 ንፍታ ቢሆን ስንት ቀርቷቸዋል?