ስለ ሽርክና ውልና ስለ ሸሪኮች ክርክር

አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ እንደ እርሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋራ ተቀናጅቶ ማረሱ ከጥንት ጀምሮ የኖረ ልማድ ነው። መቀናጆ ይባላል። የማረሻው ቀን በተራ የታወቀ ነው፤ በሬውም የማን እንደሆነ አገር ያውቀዋል፤ ስለዚህ ጽሕፈት ሳያስፈልገው እስከ ዛሬ ቆይቷል። በከተማ የሚደረገው ሽርክና ግን እንደዚህ ቀላል አይደለም። አንዱ የሚያመጣው ገንዘብ ከገበያው ገንዘብ ጋራ ይደባለቃል፤ የሌላው ድካም ደግሞ ለዓይን አይታይም። ሆኖም ብዙዎች እንደ መቀናጆው በቃል ብቻ ይጀምሩታል። ይልቁንም ትምህርታቸውን ፈጽመው በአንድነት ሥራ ለመክፈት የሚያስቡ ተማሪዎች «እኛ እኮ ወንድማማች ነን» እያሉ ውሉን ይንቁታል።

የመጀመሪያው የንግድ ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ረቂቁን ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ኤስካራ ጀምረውት፣ እርሳቸው ስላረፉ ፕሮፌሰር ዦፍሬ ፈጽመውታል። በ2013 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1243 ተተክቷል። አዲሱ ሕግ ተራ የሽርክና ማኅበር የተባለውን ትቶ፣ ለሙያ ሰዎች የሚሆን ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበርን ጨምሯል። የሽርክናው መሠረታዊ አሳብ ግን ያው ነው፤ ሁለት ወይም ከዚያ የበለጡ ሰዎች ለመተባበር አስበው መዋጮ ያዋጣሉ፤ ጥቅም የሚገኝበትን ሥራ ይሠራሉ፤ ትርፉንም ኪሣራውንም ይካፈላሉ።

«ኪሣራውንም» የሚለው ቃል በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ለምሳሌ አንድ ሰው 200,000 ብር አውጥቶ የወፍጮ መኪና ገዛ እንበል። ጓደኛው ደግሞ መኪናውን ተክሎ፣ ጠግኖ፣ ቀንና ሌሊት ያስፈጫል። በቃል የተነጋገሩት «አብረን እንሠራለን» የሚለውን ብቻ ነው። ሁለት ዓመት አለፈ፤ ገበያው ደራ። ያን ጊዜ ባለገንዘቡ «አንተ ደመወዝተኛዬ ነህ» ይላል፤ ባለሙያው «ሸሪክህ ነኝ፣ እኩሌታው የኔ ነው» ይላል። ወፍጮው ቢከስርስ ኖሮ? ንግግሩ ይገለበጥ ነበር። ባለገንዘቡ «ያበደርሁህን መልስ» ሲል፣ ባለሙያው «እኔ የቀን ሠራተኛ ነበርሁ» ባለ ነበር። አንዱ ነገር እንደ ገበያው ሁኔታ ብድርም፣ ቅጥርም፣ ሽርክናም ተብሎ ይጠራል ማለት ነው።

ዳኛው የሚመረምረው የተባለውን ስም ሳይሆን የተደረገውን ነገር ነው። በየወሩ የተቆረጠ ገንዘብ ይከፈለው ነበርን? መኪናው በተሰበረ ጊዜ የጥገናውን ወጪ ማን ቻለ? የቤቱ ኪራይና የንግድ ፈቃዱ በማን ስም ነው? ገበያ በጠፋበት ወር ባለሙያው ባዶ እጁን ገብቶ ከሆነ፣ ኪሣራ ተካፍሏልና ይህ ለሽርክና ትልቅ ምልክት ነው። «ብድር ነው» ባዩ ደግሞ ሌላ ችግር ይጠብቀዋል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረዳው በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ እምነት ወይም መሐላ እንጂ በሰው ምስክር አይደለም። ብር በዋጋው ዛሬ ካለበት ሲታይ 500 ብር እጅግ ትንሽ መስሎ ይታያል፤ ቁጥሩ ግን በሕጉ ላይ እንዳለ ነው።

እንግዲህ በውሉ ምን ይጻፍ? መዋጮው በዓይነትና በገንዘብ ግምት ይጻፍ፤ ሙያና ጉልበትም መዋጮ ከሆነ እንደዚሁ ይገመት። የትርፉና የኪሣራው ድርሻ ለሕግ ግምት መተው የለበትም። በ1952ቱ ሕግ ውሉ ዝም ካለ መዋጮው ቢበላለጥም ድርሻው እኩል ነበር፤ ብዙ ያዋጣው ሰው ይህን የሚሰማው ከጠበቃው ቢሮ ከገባ በኋላ ነው። ትርፉን ሁሉ ለአንዱ የሚሰጥ ወይም አንዱን ከኪሣራ ፈጽሞ የሚያወጣ ቃል ግን ቢጻፍም አይጸናም። ሮማውያን ይህን የአንበሳ ሽርክና ይሉት ነበር፤ ከአንበሳ ጋራ አደን የወጡትን አራዊት ተረት የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አያጣውም።

የኅብረት ሽርክና ማኅበር ለማቋቋም የሚያስብ ደግሞ አንድ ነገር ሌሊት ተኝቶ ያስብበት። በዚህ ማኅበር እያንዳንዱ ሸሪክ ለማኅበሩ ዕዳ በአንድነትና በነጠላ፣ በግል ሀብቱም ጭምር ኃላፊ ነው። «የኔ ድርሻ ሲሶ ብቻ ነው» የሚለው የውስጥ ስምምነት ባለዕዳ ጠያቂውን አያግደውም፤ ሁሉን የከፈለው ሸሪክ በኋላ ከጓደኞቹ ይጠይቅ እንጂ።

ጠብ በተነሣ ጊዜ የመጀመሪያው ሥራ ሒሳቡን በጽሑፍ መጠየቅ ነው። ከዚያ ሽማግሌ ይመጣል፤ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ሽማግሌና የግልግል ዳኛ አንድ አይደሉም። ሽማግሌ ያስማማል እንጂ አይፈርድም፤ የግልግል ዳኛ ግን ይፈርዳል፤ ፍርዱም ተከራካሪዎቹን ይይዛል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1237 ስለሁለቱም ሥርዐት ደንግጓል። ክርክሩ በግልግል እንዲታይ የሚፈልጉ ሸሪኮች የዳኞቹን ቁጥርና አመራረጣቸውን ገና ሲዋዋሉ ይጻፉ፤ ከተጣሉ በኋላ በዳኛ ስም እንኳ አይስማሙም። በሽማግሌ ፊት የታረቁም እርቁን ጽፈው ይፈርሙበት። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3312 እርቅ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይጸናል፤ በቃል የቀረ እርቅ ግን ሽማግሌው ሲሞት አብሮ ይቀበራል።

ይህ ሁሉ ካልሆነ ወደ ፍርድ ቤት ይኬዳል። የቀድሞው ሕግ በቁጥር 218 አንዱ ሸሪክ ግዴታውን በብርቱ ሲያጓድል፣ በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት ሥራውን መሥራት ሲሳነው፣ ወይም በሸሪኮቹ መካከል ከባድ አለመስማማት ሲኖር ዳኛ ማኅበሩን ሊያፈርስ እንደሚችል ይደነግግ ነበር። በበቂ ምክንያት በዳኛ ማፍረስ በአዲሱ ሕግም አለ። ማፍረስ ማለት ግን በማግሥቱ ወፍጮውን ለሁለት መክፈል አይደለም። ሒሳብ አጣሪ ይሾማል፤ አስቀድሞ ዕዳ ይከፈላል፤ ከዚያ መዋጮው ይመለሳል፤ የተረፈ ካለ ለሸሪኮቹ ይከፋፈላል። በዚህ መካከል መኪናው ቆሞ ይዝጋል፤ ደንበኛውም ወደ ሌላ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ስለዚህ በውሉ ላይ አንዱ ለመውጣት ሲፈልግ ሌላው ድርሻውን በምን ዋጋና በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚገዛው አስቀድሞ ቢወሰን፣ መውጣት የፈለገው ይወጣል፤ ወፍጮውም መፍጨቱን ይቀጥላል።