ሃርድ ዲስክ ዘወትር በኤሌክትሪክ ላይ ቢውል ዕድሜው ያጥራልን?

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሐይቅ ከተማ፥ ጤፍና ምስር ሰብስቦ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ የሚልክ እህል ነጋዴ የዱቤ ሒሳቡን፥ የደንበኞቹን ዝርዝርና የግብር ሰነዱን በፒችትሪ ፕሮግራም ይዞ፥ ግልባጩን ከኮምፒዩተሩ ውጭ በሚገኝ ሃርድ ዲስክ ላይ ያኖራል እንበል። ይህን መሣሪያ ሌት ተቀን እንደ ተሰካ የሚተወው ነጋዴ አለ፤ ሌላው ደግሞ «እንዳያልቅብኝ» ሲል በየሰዓቱ ይነቅለዋል። ከሁለቱ ልማዶች የሚሻለው የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት፥ የመሣሪያውን ውስጣዊ አሠራር በጥቂቱ ማወቅ ይጠቅማል።

ሃርድ ዲስክ እንደ ዘፈን ሸክላ የሚሽከረከሩ ሰሌዳዎች አሉት። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1956 የመጀመሪያውን ባወጣ ጊዜ 50 ሰሌዳዎች ነበሩት፤ ቁመቱም የሰው ቁመት ያህል ነበረ። ዛሬ በመዳፍ የሚያዘው አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል። ይሁን እንጂ እንደ ሸክላው መርፌ ሰሌዳውን የሚነካ ነገር የለም፤ የሚያነበውና የሚጽፈው ራስ በስስ አየር ላይ ይንሳፈፋል፥ የሞተሩም ዘንግ በዘይት ውስጥ ይዞራል። ስለዚህ እንደ ወፍጮ ድንጋይ በመዞር ብዛት የሚያልቅ ዕቃ አይደለም። ደግሞም በኤሌክትሪክ ላይ መቆየት ማለት ዘወትር መዞር ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ሥራ ሲያጡ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሳቸው ይቆማሉ።

የሚነቅለውም ሰው ቢሆን በመንቀሉ ብቻ እምብዛም አይጎዳውም። ብዙዎቹ ሞዴሎች ራሱ ወደ ማረፊያው ወጥቶ መመለሱን 300,000 ጊዜና ከዚያም በላይ እንዲችሉ ተደርገው ይሠራሉ። በቀን አሥር ጊዜ የሚነቅልና የሚሰካ ነጋዴ በዓመት 3,650 ጊዜ አደረገ ማለት ነው፤ በዚህ ሒሳብ 300,000 ለመድረስ ከሰማንያ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። የሚያሰጋው መንቀሉ ሳይሆን አነቃቀሉ ነው፤ ገና ሲጽፍ የተነቀለ ወይም በመመላለስ ብዛት ከጠረጴዛ የወደቀ ሃርድ ዲስክ ዕድሜውን አይጨርስም።

የጉግል ኩባንያ ባለሞያዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100,000 በሚበልጡ ሃርድ ዲስኮች ላይ ያደረጉትን ጥናት ሲያትሙ፥ በሥራ ብዛትና በመበላሸት መካከል ያለው ግንኙነት አስቀድሞ ከተገመተው ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ጎልቶ የታየው ገና አዲስ በሆኑትና እጅግ በቆዩት ላይ ነበረ። ይህ ማለት ግን በእህል መጋዘን ውስጥ በጆንያ መካከል አፍኖና አቧራ አልብሶ ማኖር አይጎዳም ማለት አይደለም።

በአገራችን ከሁሉ የከፋው ጠላት የመብራት መጥፋት ነው። በተለይም የራሱ አዳፕተር ያለው ትልቁ ዓይነት ልዩ ጥንቃቄ ይሻል፤ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ሥራውን ሲቀጥል ሃርድ ዲስኩ ግን በጽሕፈት መካከል ይቆማል፤ መዝገቡም ሊበላሽ ይችላል። መብራቱ ሲመለስ ወይም በክረምት መብረቅ ሲወርድ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ደግሞ ኤሌክትሮኒኩን ያቃጥላል። ዩፒኤስ ገዝቶ ኮምፒዩተሩንና ሃርድ ዲስኩን አብሮ በእርሱ ላይ መሰካት የመጀመሪያውን ችግር ያስወግዳል፤ ሁለተኛውን በአብዛኛው ይቀንሳል። (ስለ ደጋው ከፍታ የሚሰጋ ቢኖር፥ ራሱ የሚንሳፈፈው በአየር ስለ ሆነ ፋብሪካዎች አብዛኛውን ጊዜ 3,000 ሜትር ገደማ ወሰን ያደርጉለታል፤ ሐይቅ ወደ 2,000፥ ደሴም ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ስለ ሆኑ የሚያሰጋ ነገር የለም።)

እንግዲህ ዕድሜን በሚመለከት ሁለቱም ነጋዴዎች ከመጠን በላይ ተጨንቀዋል። ዘወትር ተሰክቶ የሚኖር ግልባጭ ጉዳቱ በሌላ በኩል ነው፤ ኮምፒዩተሩን ያገኘ አደጋ እርሱንም ያገኘዋል። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች መዝገቦችን ቆልፎ ገንዘብ በጠየቀ ጊዜ፥ ከኮምፒዩተር ጋር ተያይዘው የነበሩ ሃርድ ዲስኮችንም አብሮ ቆልፏል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሱቆችና መጋዘኖች ተዘርፈዋል፤ ሌባ ደግሞ ኮምፒዩተሩን ወስዶ አጠገቡ የተሰካውን አይተውም። የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ነጋዴው መዝገቡን ለዓመታት ጠብቆ እንዲይዝ ያዝዛል፤ የዱቤ ዝርዝሩ የጠፋበት ነጋዴም ማን ስንት እንደሚከፍለው የሚያውቀው በተበዳሪው ደግነት ብቻ ነው።

ስለዚህ አንደኛው ሃርድ ዲስክ በሥራ ሰዓት እንደ ተሰካ ይዋል፤ ማታ በሥርዓት ተዘግቶ ይነቀል። ሁለተኛው በየሳምንቱ ቅዳሜ ተገልብጦ ከሱቁ ውጭ፥ በመኖሪያ ቤት ወይም በታመነ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ፤ በወር አንድ ጊዜም በሌላ ኮምፒዩተር ተከፍቶ መነበቡ ይታይ። ሁለቱ ከአንድ ሱቅ በአንድ ቀን ባይገዙ ይመረጣል፤ በአንድ ጊዜ የተሠሩ ዕቃዎች አንድ ዓይነት ጉድለት ሊኖርባቸው ይችላልና።