ከጣና ዳር በመንጠቆ ዓሣ ማጥመድ

እስቲ ስለ አንድ ገበሬ እንንገራችሁ። ይህ ገበሬ የሚኖረው በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳር፣ የጉማራ ወንዝ ሐይቁ ውስጥ ከሚገባበት ቦታ አጠገብ ነው። ሩዝ፣ ጤፍና ሽንብራ ያመርታል። ታንኳ የለውም። መረብም የለውም። ሆኖም ቤተሰቡ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ዓሣ ይበላል። ዓሣውን የሚያወጣው ከዳር ሆኖ በመንጠቆ ነው።

ዓሣ ማጥመድን ያስተማረው ሰው የለም። አባቱ በሬና ማረሻ እንጂ መንጠቆ አያውቁም ነበር። ታዲያ እንዴት ተማረ? በማየት፣ በመሳሳትና በመጻፍ ነው። ይህ ትምህርት ስለ መሣሪያው፣ ስለ ልማዱ፣ በመጨረሻም ስለ ደረሰበት ቁም ነገር ይናገራል።

1. መሣሪያው

የገበሬው መሣሪያ አምስት ነገር ነው። ዘንግ፣ ክር፣ መንጠቆ፣ ክብደትና ተንሳፋፊ።

ዘንጉ ሸምበቆ ነው። ርዝመቱ 3 ሜትር ያህል ይሆናል። እርጥቡን ቆርጦ ጥላ ውስጥ አደረቀው። የመጀመሪያውን ዘንግ ፀሐይ ላይ አስጥቶት ነበር፤ ተሰነጠቀበት።

ክሩ ናይለን ነው። በፊት ሲባጎ ይጠቀም ነበር። ሲባጎ ወፍራም ስለሆነ ዓሣው ያየዋል፤ ሲቆይም ይበሰብሳል። የናይለን ክር ግን ቀጭን ነው፤ ውሃ ውስጥ ብዙ አይታይም። ሆኖም አንድ ክፉ ጠባይ አለው። አይበሰብስም። ዳር ላይ ቢጣል የወፍ እግር ይጠላለፍበታል፤ ከብትም ከሣር ጋር ሊውጠው ይችላል። ስለዚህ ገበሬው የተበጠሰውን ክር ሰብስቦ ወደ ቤቱ ይወስዳል።

መንጠቆው ሁለት ዓይነት ነው፤ ትንሽና ትልቅ። ትንሹ አፈ ትንሽ ለሆነ ዓሣ፣ ትልቁ አፈ ሰፊ ለሆነ ዓሣ ነው። ከማጥመዱ በፊት ጫፉን በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ያሳርፈዋል። ከተንሸራተተ ዶልዱሟል ማለት ነው፤ በሞረድ ይስለዋል። ቧጦ ከቆመ ስል ነው።

ለክብደት ትንሽ ጠጠር ያስራል። ብዙ ሰዎች እርሳስ የሚባለውን ለስላሳ ብረት ያስራሉ። ይህ ብረት መርዝነት አለው። በጥርስ ነክሶ ማጥበቅ ጤና ይጎዳል። ተንሳፋፊው ደግሞ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ ነው። ተንሳፋፊው ሲንቀጠቀጥ ወይም ሲሰምጥ ዓሣ መጥቷል ማለት ነው።

በመጀመሪያው ዓመት አንድ ትልቅ ዓሣ ይዞ አመለጠው። ክሩን ሲያየው አልተበጠሰም፤ ቋጠሮው ነው የተፈታው። «ያመለጠኝ ዓሣው ብልጥ ሆኖ አይደለም፤ ቋጠሮዬ መጥፎ ሆኖ ነው» ይላል። ከዚያ ወዲህ እንዲህ አድርጎ ይቋጥራል። ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ ያሾልካል። ጫፉን በዋናው ክር ላይ 5 ጊዜ ይጠመጥማል። ከዚያ ጫፉን መልሶ ከመንጠቆው አጠገብ በቀረችው ቀለበት ውስጥ ያሾልካል። በመጨረሻም በምራቁ አርጥቦ ቀስ ብሎ ይስበዋል። ደረቁን ቢስበው ክሩ በፍትጊያ ይደክማል።

2. ሦስት ዓይነት ዓሦች

ጣና ሰፊ ሐይቅ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥልቀቱ ግን ብዙ አይደለም፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ 14 ሜትር ያህል ነው። ገበሬው ከዚህ ሐይቅ ሦስት ዓይነት ዓሦች ያወጣል።

የመጀመሪያው ቆሮሶ ነው። ሰውነቱ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ አፉ ትንሽ ነው። ዋና ምግቡ በውሃ ውስጥ የሚበቅል ጥቃቅን አረንጓዴ ነገር ነው። ሆኖም የመሬት ትልና ሊጥ ይበላል። ምግቡን እየቀነጠበ ስለሚሞክር ቶሎ መሳብ አይገባም።

ሁለተኛው አምባዛ ነው። ቅርፊት የለውም፤ ያሟልጫል። በአፉ ዙሪያ 8 ጢሞች አሉት። በጨለማ በእነሱ እየዳሰሰ ምግቡን ከሐይቁ ወለል ላይ ይፈልጋል። ስለዚህ አምባዛ የሚያዘው ሲመሽ ነው። የሚወደው የበግ አንጀትና ትል ነው። ከራሱ በስተኋላ፣ በግራና በቀኝ፣ ስለታም አጥንት አለው። ሳይጠነቀቁ የያዙትን እጅ ይቆርጣል።

ሦስተኛው ነጭ ዓሣ ነው። ቅርፊቱ ትልልቅ ነው፤ ጉልበቱም ብርቱ ነው። ነጭ ዓሣ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በጣና ከ15 የማያንሱ ዓይነቶች አሉት። አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከጣና በስተቀር በሌላ ቦታ አይገኙም። አንዳንዶቹ ሌላ ዓሣ ይበላሉ። ገበሬው ለነጭ ዓሣ ፌንጣ ወይም ትንሽ ዓሣ በትልቁ መንጠቆ ይሰካል።

3. ልማዱ

ገበሬው ሐይቁ ዳር እንደ ደረሰ ቶሎ አይጥልም። መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ያያል። ነፋሱ ከየት ይነፍሳል? ውሃው ጥሩ ነው ወይስ ደፍርሷል? ወፎቹ የት ወረዱ? ነፋስ ተንሳፋፊ ምግብን ወደ ዳር ይገፋል። ዓሣም ምግቡን ተከትሎ ይመጣል።

ጥላው ውሃው ላይ እንዳያርፍ ይጠነቀቃል። ከደንገሉ ጀርባ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። መሬት አይረግጥም፣ ድንጋይ አይወረውርም። ዓሣ ከራሱ እስከ ጅራቱ በጎኑ ላይ መስመር አለው። የውሃውን መንቀጥቀጥ የሚሰማው በዚህ መስመር ነው። ዳር ላይ ጮክ ብለው የሚራመዱ ልጆች «ዛሬ ዓሣ የለም» ብለው ይመለሳሉ። ዓሣውስ ነበረ፤ እነሱ አባረሩት።

ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ያጠምዳል። በቀትር ግን ወደ እርሻው ይሄዳል።

አንድ ቀን ጥሩ በሆነ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ፣ አሸዋው ላይ፣ እንደ ሰታቴ የተጎደጎደ ክብ ጉድጓድ አየ። የወንድ ቆሮሶ ጎጆ ነበር። በሌላ ቀን ደግሞ አንዲት ሴት ቆሮሶ ጥቃቅን ልጆቿን ከብባ ስትዋኝ አየ። ጥላው ሲያርፍባቸው ልጆቿ ሮጠው አፏ ውስጥ ገቡ። ሴት ቆሮሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ታስፈለፍላለች። ልጆቿንም አደጋ ሲመጣ አፏ ውስጥ ትደብቃቸዋለች። «እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎጆ ያለበት ቦታ መንጠቆ አልጥልም» ይላል።

ለራሱም ይጠነቀቃል። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይባላል። በጣና ዳር ዘንዶው ጉማሬ ነው። ጉማሬ ከውሃ የሚወጣው ሲመሽ ነው። በጉማሬውና በውሃው መካከል መቆም ሕይወት ያሳጣል። የጉማሬ ዱካ ባለበት ቦታ አይቀመጥም። ቢልሃርዚያ እንዳይዘውም ውሃው ውስጥ ገብቶ አይቆምም። ዓሣውንም ጥሬውን አይበላም፤ ጥሬ ዓሣ የሆድ ትላትል ሊያስይዝ ይችላል። አብስሎ በዕለቱ ይበላዋል።

4. ደብተሩ

ይህ ገበሬ ማንበብና መጻፍ የተማረው ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ነው። ፊደል እንደ ለየ አንድ ደብተር ገዛ። ዓሣ ከማጥመድ በተመለሰ ቁጥር ይጽፍበት ጀመር። አጻጻፉ አጭር ነው። እንዲህ ይላል፦

ግንቦት 12። ጧት። ነፋስ ከምዕራብ። ትል። 2 ቆሮሶ።
ግንቦት 15። ቀትር። ነፋስ የለም። ሊጥ። ምንም።
ግንቦት 19። ማታ። ደመና። አንጀት። 1 አምባዛ።

ባዶ እጁን የተመለሰበትንም ቀን ይጽፋል። «ያገኘሁበትን ብቻ ብጽፍ ራሴን አታልላለሁ» ይላል።

ከሦስት ዓመት በኋላ ደብተሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበው። ሁለት ነገር አገኘ። አንደኛ፣ ብዙ ዓሣ የያዘው ነፋሱ ከምዕራብ ወደ እሱ ዳር በነፈሰባቸው ቀናት ነው። ሁለተኛው ግን አስደነገጠው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በወንዙ አፍ የያዛቸው ነጭ ዓሦች ብዙዎቹ «እንቁላል የሞላው» ተብለው ተጽፈዋል። ያን ሲጽፍ አላሰበበትም። ሲያነበው ግን ገባው።

የግብርና ሠራተኛውን ጠየቀ። ሠራተኛውም እንዲህ ሲል አስረዳው። ብዙዎቹ የነጭ ዓሣ ዓይነቶች ክረምት ሲገባ በወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ። ከዚያ እንደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጠጠር ባለበት ጥሩ ወራጅ ውሃ ነው። በወንዙ አፍ የሚያዘው ዓሣ እንግዲህ ለመውለድ መንገድ የጀመረ ዓሣ ነው።

በ1978 ዓ.ም. ገደማ በጣና የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ መሥራት ጀመረ። ያን ጊዜ ገበያው ሰፋ፤ ብዙ ሰውም ተጠቀመ። ነገር ግን በወንዞች አፍ ክረምት ክረምት መረብ መዘርጋትም በዛ። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የተደረገ ጥናት ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሦች ከግማሽ በላይ መቀነሳቸውን አሳይቷል።

ገበሬው አሰበ። ክረምት እህል ከጎተራ የሚያልቅበት ጊዜ ነው። ዓሣው ለልጆቹ ያስፈልጋል። ቢሆንም ወሰነ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ወደ ወንዙ አፍ አይሄድም። ከወንዙ ራቅ ብሎ በሐይቁ ዳር ቆሮሶ ይፈልጋል። የሚያገኘው አነሰ። ሚስቱም «በደህና ጊዜ የምትይዘውን ያህል አታመጣም» አለችው። ደብተሩን አነበበላት። «ይሁን እንግዲህ፤ ሽሮው ይበቃናል» አለችው።

5. ብርብራ ያመጣው ጎረምሳ

በነሐሴ አንድ የጎረቤት ልጅ የተፈጨ ብርብራ በከረጢት ይዞ መጣ። ብርብራ የዛፍ ፍሬ ነው። ተፈጭቶ ውሃ ውስጥ ሲፈስ ዓሣው ውሃ ውስጥ ያለውን አየር መጠቀም ያቅተዋል። ሰክሮ ይንሳፈፋል።

«ጋሼ፣ አንቱ በአንዲት መንጠቆ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣሉ። በዚህ ግን ባንድ ሰዓት ጆንያ እንሞላለን፤ ኑ አብረን እናፍስሰው» አለ ልጁ።

ገበሬው አልተቆጣም። ደብተሩን አውጥቶ ሰጠው። «አንተ ተማሪ ነህ፤ እስቲ ጮክ ብለህ አንብብልኝ» አለው።

ልጁ አነበበ። «ነሐሴ 3። 1 ነጭ ዓሣ። እንቁላል ሞልቶታል። ነሐሴ 8። 1 ነጭ ዓሣ። እንቁላል ሞልቶታል።» ሲያነብ ድምፁ ዝቅ አለ። «ጋሼ፣ በአንዱ ዓሣ ውስጥ ስንት እንቁላል ይኖራል?»

«ቆጥሬ አልጨረስኩትም፤ በሺህ ነው። መንጠቆ አንድ አንድ እያለ ያወጣል። የማይገባኝን እመልሰዋለሁ። ብርብራ ግን ትልቁን ከትንሹ አይለይም። አንተ ጆንያ ትሞላለህ፤ ጆንያ የማይገባው ጥቃቅኑ ግን ሞቶ ይቀራል። የከርሞው ዓሣ እሱ ነበር።»

ልጁ ያን ቀን ከረጢቱን ይዞ ተመለሰ። ሌሎች ግን ላይኛው ወንዝ ላይ ብርብራ ማፍሰሳቸውን አልተውም። አንድ ሰው ብቻውን ይህን ሊያስቆም አይችልም። ስለዚህ ገበሬው ደብተሩን ይዞ ቀበሌው ስብሰባ ላይ ቆመ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአገሪቱ የዓሣ ሀብት አዋጅ በመርዝ ማጥመድን እንደሚከለክልም ተነገረ። ሰው ሁሉ ወዲያው አልተስማማም። ጉዳዩን ለመወያየት ግን ሌላ ቀጠሮ ተያዘ።

6. ምን እንማራለን?

የዚህ ገበሬ መሣሪያ ርካሽ ነው። ሸምበቆ፣ ክር፣ መንጠቆ፣ ጠጠርና የአሮጌ ጫማ ቁራጭ። ከሁሉ የጠቀመው ግን ደብተሩ ነው። ዓይን ያየውን ልብ ይረሳል፤ የተጻፈ ግን ይቆያል። እናንተም የምትሠሩትን ጻፉ። ዝናብ የጣለበትን ቀን፣ የዘራችሁትን ዘር፣ ላም የወለደችበትን ዕለት ጻፉ። ዓመት ሲሞላ መልሳችሁ አንብቡት። ያላያችሁትን ያሳያችኋል።

ጥያቄዎች

1. ገበሬው ሲባጎ ትቶ የናይለን ክር የያዘው ለምንድን ነው? የናይለን ክር ጉዳቱስ ምንድን ነው?
2. ሴት ቆሮሶ ልጆቿን እንዴት ትጠብቃለች?
3. ገበሬው ባዶ እጁን የተመለሰበትን ቀን የሚጽፈው ለምንድን ነው?
4. በመንጠቆና በብርብራ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
5. በአካባቢያችሁ እያነሰ የመጣ ነገር አለ? ውሃ፣ ዛፍ፣ ሣር ወይስ ሌላ? ምክንያቱን ተወያዩበት።

የቃላት ፍች

ተንሳፋፊ — ውሃ ላይ የሚቆም፣ የማይሰምጥ
ደንገል — በውሃ ዳር የሚበቅል፣ ታንኳ የሚሠራበት ተክል
ሞረድ — ብረት መሳያ
ዶለዶመ — ስለቱ ጠፋ