የአራስ ቤት ኀዘንና ሕክምናው



በምዕራብ ጎጃም ሴት በሰላም ስትገላገል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላታለን፤ ገንፎ ይገነፋል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል። ሆኖም በዚህ ደስታ መካከል ፊቷን ወደ ግድግዳ መልሳ የምታለቅስ አራስ አለች። ሰው «ምን ጎደለባት?» ይላል፤ እርሷም ውለታ ቢስ እንዳትባል ኀዘኗን ትሸሽጋለች። እኛ ካህናትም አንዳንድ ጊዜ «ጸልዪ» ብለን ብቻ አሰናብተናታል፤ ይህ ግን በቂ አልነበረም።

ነገሩ እምነት ማጣት ሳይሆን ድባቴ የሚባል ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ በታዳጊ አገሮች ከ100 ነፍሰ ጡሮች 16 ያህሉ፣ ከ100 ወላዶችም 20 ያህሉ በአእምሮ ሕመም፣ በተለይም በድባቴ ይጠቃሉ። በአገራችንም በቡታጅራ ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል፤ በእርግዝና ወራት ይህ ሕመም በነበረባቸው እናቶች ዘንድ የተራዘመ ምጥና የዘገየ የጡት ማጥባት ጅማሬ በብዛት ታይቷል።

እንዴት እንለየው? በወሊድ ሰሞን የሚመጣ እንባ በሁለት ሳምንት ውስጥ በዕረፍትና በእርዳታ ያልፋል። ኀዘኑ ወይም ጭንቀቱ ከዚያ ካለፈ፣ ሕፃኑ ተኝቶ እንኳ እርሷ እንቅልፍ ካጣች፣ «ለልጄ አልረባም» ካለች፣ ሕክምና ያስፈልጋታል። ሞትን ከተመኘች፣ የሌለ ድምፅ ከሰማች ወይም ሕፃኑን ለመጉዳት ካሰበች ግን ለአፍታም ብቻዋን አትተው፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ትወሰድ።

ሕክምናው በሠለጠነ ሰው የሚደረግ ተከታታይ ምክክር ነው። በገጠር ፓኪስታን የመንደር ጤና ሠራተኞች ይህን ተምረው እናቶችን በየቤታቸው ጎበኙ። ከወሊድ በኋላ በስድስተኛው ወር በድባቴ ውስጥ የቀሩት 23 በመቶ ሲሆኑ፣ ምክሩን ካላገኙት ግን 53 በመቶ ነበሩ። ሕመሙ ሲበረታ ሐኪም መድኃኒት ያዛል፤ ከጡት ማጥባት ጋር የሚስማማም አለ። በራስ ፈቃድ መጀመርም ማቋረጥም አይገባም።

እንግዲህ ካቴኪስቶች ሆይ፣ አራስ ስትጠይቁ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» በሉ፤ መልሷንም ሳትቸኩሉ ስሙ። ባሏ ውኃ በመቅዳት እንዲያግዛት ምከሩት። ከቤተሰቧ ጋር ተመካክራችሁም ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ አድርሷት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህ ፍርሃቱ በዝቷል፤ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ የሚወስደው መንገድ ሲዘጋ የምትደርሱላት እናንተ ጎረቤቶቿ ናችሁ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምረናል። ስለዚህ የምትጸልይ እናት መድኃኒቷን እንድትተው ከቶ አንምከራት።