ስለ «ፊው» እና ስለ «ኧ ፊው»፦ ለአዲስ ገቢ ወገናችን

በአማርኛችን «ጥቂት» የተባለው ቃል ለሰውም ለጨውም፣ ለተስፋም ለስጋትም ሳይለወጥ ሲያገለግል ስለኖረ፣ እንግሊዝኛ ወደሚነገርበት አገር የገባ ወገናችን ጥቂቱን ሁሉ በአንድ ቃል ሊሸፍነው ቢቃጣ አያስደንቅም። እንግሊዝኛ ግን የሚቆጠረውን «ፊው»፣ የማይቆጠረውን «ሊትል» ብሎ ይለያል፤ ይህስ በቶሎ ይለመዳል። ምሥጢሩ ከፊታቸው በምትገባው በአንዲት ድምፅ ላይ ነው፤ እርስዋም ስትጻፍ ራሷን የቻለች ፊደል ብትሆንም፣ በንግግር ግን የደከመች «ኧ» ስለሆነች ላልለመደ ጆሮ ትሰወራለች።

«ኧ ፊው» ያለ ሰው «ብዙ ባይሆንም አለኝ» ማለቱ ሲሆን፣ «ፊው» ብቻ ያለ ግን «የለኝም» ለማለት ጥቂት የቀረው፣ ጉድለቱን የሚናገር ነው። በቤተ ክርስቲያን ላደገ ሰው ከሰዋስው መጽሐፍ ይልቅ ይህን የሚያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ይመስለኛል፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 9 የመከሩ ሠራተኞች ማነስ በኀዘኔታ ሲነገር «ፊው» ብቻውን ቆሟል፣ በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 3 ግን በሰርዴስ ልብሳቸውን ያላሳደፉ መኖራቸው ለመጽናናት ሲጠቀስ «ኧ ፊው» ተብሏል።

እኔም በባዕድ አገር በመጀመሪያው ዓመቴ ለሥራ ቀርቤ ስለ ልምዴ ብጠየቅ፣ እንደ አገሬ ልማድ ራሴን ዝቅ አድርጌ «አይ ሀቭ ሊትል ኤክስፒሪየንስ» ብዬ መለስሁ፤ ትሕትና መስሎኝ የተናገርሁት ለጠያቂው «ልምድ የለኝም» ከማለት ስላልተለየ፣ ሌላ ጥያቄ ሳይጨምር አሰናበተኝ። በሐኪም ፊትማ ነገሩ ይብሳል፤ «ሊትል ፔይን» ያለ በሽተኛ እምብዛም እንደማያመው ተቆጥሮ ሊመለስ ይችላል። «ኧ» የምትጠፋበት ሰው ለሚቆጠረውም ለማይቆጠረውም የሚሆነውን «ሰም» ቢይዝ ይሻለዋል፤ እኔም ያን ቀን «ሰም ኤክስፒሪየንስ» ብል ኖሮ በቂ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ «ኳይት ኧ ፊው» የሚባል አለ፤ ቃሉ ያው የጥቂት ቃል ሲሆን ትርጓሜው ግን ብዙ ማለት ነው። ስለዚህ በመጋዘን የሚሠራ ወገናችን፣ ወደ ማታ አለቃው ያልተራገፉት ሳጥኖች «ኳይት ኧ ፊው» ናቸው ሲለው ከሰማ፣ ካፖርቱን ለመልበስ አይቸኩል።