አስተያየትና ማስረጃ

አስተያየት የሚጽፍ ሰው ስሜቱን ብቻ ሳይሆን ማስረጃውንም ማቅረብ ይገባዋል። የሚከተለውን የአንድ ፊልም ወዳድ አንቀጽ በጥሞና አንብቡ።

«የጎንደር ተወላጁ ኃይሌ ገሪማ ያዘጋጀው ‹ጤዛ› እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት አገኘ። በኦስካር የውጭ ቋንቋ ፊልሞች ዘርፍ ግን ለዕጩነት እንኳ አልበቃም። ስለዚህ ዳኞቹ ንቀውታል።»

ሁለቱ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው። መደምደሚያው ግን ከማስረጃው አልፎ ሄዷል። በዚያን ጊዜ በዚህ ዘርፍ የሚወዳደረው እያንዳንዱ አገር መርጦ የሚልከው አንድ ፊልም ብቻ ነበር። ኢትዮጵያ በዘርፉ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው እ.ኤ.አ. በ2010 «አትሌቱ» የተባለውን ፊልም ልካ ነው። ዳኛ ያልቀረበለትን ፊልም ሊንቅ አይችልም።

«ስለዚህ» የሚለው መስተፃምር ምክንያትን ከውጤት ጋር ያያይዛል፤ የጎደለውን ምክንያት ግን አይሞላም። ጸሐፊው «ፊልሙ መላክ ይገባው ነበር» ቢል ኖሮ ሁለቱ ሽልማቶች በደገፉት ነበር።

መልመጃ፦ ሽልማት ይገባዋል ስለምትሉት አንድ ፊልም ወይም መጽሐፍ፣ ሁለት ማስረጃዎችን አቅርባችሁ «ስለዚህ» በሚል ዐረፍተ ነገር የሚደመደም አንቀጽ ጻፉ።