በሕዝብ ገንዘብ የተሰበሰበ መረጃ የት ይገባል?

ጥናት አለቀ የምንለው ሪፖርቱ ተጠርዞ ሲቀርብ ነው። ከሪፖርቱ በስተጀርባ ግን ጥሬው መረጃ፣ ማለትም የተለካው፣ የተቆጠረውና የተመዘገበው ሁሉ አለ። ይህ ከጠፋ ድምዳሜው ልክ ይሁን አይሁን በምን ይጣራል?

ለተግባር ልምምድ በሄድኩበት ትምህርት ቤት ከእኛ በፊት የነበሩ ሠልጣኞች የ2ኛ ክፍል ተማሪዎችን የንባብ ችሎታ አጥንተው ነበር። በሪፖርቱ ላይ አማካይ ውጤቱ አለ፤ የየተማሪው መመዝገቢያ ወረቀት ግን የለም። የትኛው ምንባብ እንደተነበበ እንኳ አልተጻፈም። ታዲያ ልጆቹ መሻሻላቸውን ከምን ጋር ላወዳድር? እኔም እንደገና ሀ ብዬ ጀመርኩ።

ለዚህ ዓይነቱ ችግር በአሜሪካ የሕክምና ምርምርን በመንግሥት ገንዘብ የሚረዳው ብሔራዊ የጤና ተቋማት የተባለው መሥሪያ ቤት አንድ ደንብ አውጥቶ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ሥራ ላይ አውሏል። በደንቡ መሠረት ገንዘብ የሚጠይቅ ተመራማሪ የመረጃ አያያዝ ዕቅዱን ከማመልከቻው ጋር ያቀርባል። ደንቡ ሥራ ላይ ሲውል ዕቅዱ የሚመልሳቸው ነጥቦች የሚከተሉት ነበሩ፤

1ኛ/ ምን ዓይነት መረጃ፣ ምን ያህል ይሰበሰባል?
2ኛ/ መረጃውን ለመጠቀም ምን መሣሪያ ወይም ፕሮግራም ያስፈልጋል?
3ኛ/ በምን ወጥ ደንብ ይመዘገባል?
4ኛ/ የት ይቀመጣል? መቼ ይለቀቃል? ለስንት ጊዜስ ይቆያል?
5ኛ/ ማን ያየዋል? የተጠኚዎቹ ምሥጢርስ እንዴት ይጠበቃል?
6ኛ/ አፈጻጸሙን ማን ይቆጣጠራል?

«ማካፈል ምን ይጠቅማል?» ለሚል፣ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2003 የተካሄደውን የሰው ዘር ውርስ (ጂኖም) ጥናት እንመልከት። ተመራማሪዎቹ በ1996 በቤርሙዳ ተሰብስበው፣ ካነበቡት የውርስ ጽሑፍ ከ1,000 ፊደል በላይ የሆነውን በ24 ሰዓት ውስጥ ለሁሉም ክፍት ለማድረግ ተስማሙ። በመሆኑም የበሽታን መንስኤ የሚፈልግ ሌላ ሰው ሥራው በሙሉ እስኪያልቅ መጠበቅ አላስፈለገውም።

ከዚህ የምንረዳው ዕቅዱ ከመረጃው መቅደም እንዳለበት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለም? የእኛ ጥናት ትንሽ ቢሆንም የምንጽፍበት ወረቀትና የመምህራኖቻችን ደመወዝ የሚወጣው ከሕዝብ ግብር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ተማሪ ከመጠየቃችን በፊት ቀኑን፣ ክፍሉንና ምንባቡን እንጻፍ፤ በልጆቹ ስም ፈንታ ቁጥር እንስጥ፤ ስንጨርስም የመመዝገቢያውን አንድ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍታችን እናስረክብ። የከርሞ ሠልጣኝ እኛ ካቆምንበት ይቀጥል እንጂ እንደ እኔ ሀ ብሎ አይጀምር!